ጆሮ ቀድሞ ሲጠብቅ፦ በእንግሊዝኛ የሊስኒንግ ፈተና ባዶ ቦታው ላይ የሚገባውን ቃል እንዴት እንገምታለን?

ጅማ መናኸሪያ ጠዋት ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አጋሮ! አጋሮ! የቀረው አንድ…» ሲል ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ይነፋና የመጨረሻውን ቃል ይውጠዋል። ማንም ግን «አንድ ምን?» ብሎ አይጠይቅም። «ሰው» እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጆሯችን ረዳቱ ተናግሮ ሳይጨርስ ቃሉን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

በእንግሊዝኛ የሊስኒንግ (የማዳመጥ) ፈተና ላይ ባዶ ቦታ መሙላት የሚፈልገው ይህንኑ ችሎታ ነው። ችግሩ ፈተና ላይ ስንቀመጥ ችሎታችንን በር ላይ ጥለነው እንገባለን። እያንዳንዱን ቃል ለመያዝ እንሯሯጣለን፣ አንዱ ሲያመልጠን እንደነግጣለን፣ በድንጋጤው ውስጥ ደግሞ ቀጣዮቹ ሦስቱ ያልፉናል። እኔ ራሴ ተፈትኛለሁ፤ እዚህ ጅማ ለአይልትስ፣ ማለትም ለውጭ ትምህርትና ሥራ ለሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ከሚዘጋጁ ጓደኞቼም ጋር ብዙ ምሽት አብሬ አጥንቻለሁ። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ሆኖ ሊስኒንግ ላይ ነጥብ የሚጥሉ ሰዎች አይቼ በጣም ያሳዝነኛል። የሚጎድላቸው ቃል ሳይሆን ምን እንደሚጠብቁ አውቀው ማዳመጥ መጀመር ነው። ይህ ደግሞ በሁለት በሦስት ሳምንት ልምምድ የሚመጣ ነገር ነው።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በእኛው ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ጉዳያችን የጆሮ ስለሆነ፣ ስትደርሱባቸው ከአፋችሁ አውጥታችሁ በሏቸው።

ፈተናው በአጭሩ

ምሳሌ የማደርገው አይልትስን ነው። 40 ጥያቄ፣ 4 ክፍል፣ 30 ደቂቃ ገደማ። ቅጂው፣ ማለትም የተቀዳው ድምፅ፣ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ክፍል 1 የሁለት ሰዎች የዕለት ተዕለት ንግግር ነው፤ ቤት መከራየት፣ ኮርስ መመዝገብ፣ የመሳሰለው። ክፍል 2 ላይ አንድ ሰው ስለ አንድ ቦታ ወይም አገልግሎት ያስረዳል። ክፍል 3 ተማሪዎች እርስ በርስ ወይም ከመምህር ጋር ስለ ትምህርታቸው ሲወያዩ ነው። ክፍል 4 ሌክቸር ነው፣ መሃል ላይ እረፍት የለውም፣ አስሩም ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል።

አንድ ትክክለኛ መልስ አንድ ነጥብ ነው። ለተሳሳተ አይቀነስም። ከ40 ውስጥ 23 አካባቢ ያገኘ ሰው ባንድ 6 (ባንድ የፈተናው የውጤት ደረጃ ነው) ላይ፣ 30 አካባቢ ያገኘ ደግሞ ባንድ 7 ላይ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ጥያቄ ነው! ከሰባቱ ብዙዎቹ ደግሞ «ሰምቼው ነበር እኮ» የምንላቸው ናቸው።

መጀመሪያ ትእዛዟን አንብቡ

ከጥያቄዎቹ በላይ አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች። «ዋን ዎርድ ኦንሊ» ካለች አንድ ቃል ብቻ። «ኖ ሞር ዛን ቱ ዎርድስ» ካለች ከሁለት አይበልጥም። «ኤንድ ኦር ኤ ነምበር» ከተጨመረበት ቁጥርም ሊኖር ይችላል። ከገደቡ ያለፈ መልስ ምንም ያህል ልክ ቢሆን ነጥብ የለውም። ይህን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል፣ ግን ከክፍል ክፍል ትእዛዟ ትቀየራለች፤ ስለዚህ በየክፍሉ ተመልከቷት።

ለግምትም ትጠቅማለች። ወረቀቱ ላይ «ኤ ሌዘር ____» የሚል ካለና የተፈቀደው አንድ ቃል ከሆነ፣ ተናጋሪዋ «ሌዘር ጃኬት» ስትል እናንተ የምትጽፉት «ጃኬት» ብቻ ነው። «ሌዘር»ን ወረቀቱ ጽፎላችኋል።

ባዶ ቦታውን ወደ ጥያቄ ቀይሩት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ከገበያ ሁለት ኪሎ ቡና…» ስንባል ገዛ ይሁን ሸጠ ለማወቅ እስከ መጨረሻው እንጠብቃለን። ኦሮምኛም እንደዚሁ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም እየሰማን ያደግን የጅማ ልጆች ጆሯችን መጨረሻ ላይ ግስ መጠበቅ ለምዷል። እንግሊዝኛ ግን ግሱን ቀድሞ ይናገርና ዝርዝሩን ወደ ኋላ ያስከትላል። «ሂ ቦት» ካለ መግዛቱ ታውቋል፣ የቀረው ምን እንደገዛ ነው። ለዚህ ነው የፈተናው ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አካባቢ ላይ ሆኖ መልሱም ስም የሚሆነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከባዶው ቦታ በፊት ያለውን አንብባችሁ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ ቶሎ በሚመጣላችሁ፣ አንዲት አጭር ጥያቄ ጠይቁ። «ዘ ቱር ስታርትስ ፍሮም ዘ ____» ካለ፣ ጉብኝቱ ከየት ነው የሚነሳው? ቦታ ነው ማለት ነው። «ቪዚተርስ ካኖት ____ ኢንሳይድ ዘ ሚዩዚየም» ካለ፣ ጎብኚዎች ውስጥ ገብተው ምን ማድረግ አይችሉም? ድርጊት ነው። ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ ከነበረ፣ ወይም የትኛውንም ሙዚየም፣ መልሱ ጭንቅላታችሁ ውስጥ አለ፤ ፎቶ ማንሳት፣ መብላት፣ ማጨስ፣ ዕቃ መንካት። በቃ፣ ጆሯችሁ አራት ቃል ይዞ ይጠብቃል።

ጥያቄ መጠየቁ ለምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ባዶ ቦታን የሚያይ ሰው ቃል ያድናል፣ የሚሰማው ቃል ሁሉ ደግሞ ሊሆን የሚችል ይመስለዋል። ጥያቄ የያዘ ሰው ግን የሚያዳምጠው ለጥያቄው መልስ ነው። ሰው ስም ሲጠራ ከጫጫታ መሃል የራሳችንን ስም ለይተን እንደምንሰማው ማለት ነው። ሌላው ንግግር ያልፋል፣ መልሱ ሲመጣ ግን ጆሮ ይቆማል።

ጎረቤቶቹን ተመልከቱ

ከጥያቄው ቀጥሎ ከባዶው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉትን ቃላት እዩ። ትንንሾቹ ብዙ ይናገራሉ። «ኤ»፣ «አን» ወይም «ዘ» ካለ የሚከተለው ስም ነው፣ አልያም ቅጽልና ስም። «ካን»፣ «መስት»፣ «ሹድ» ካለ ምንም ያልተቀጠለበት ግስ። «ቬሪ» ካለ ቅጽል። «ኦን» ካለና ጥያቄው ስለ ጊዜ ከሆነ የሳምንቱ ቀን ወይም ቀን ከነወሩ፤ «ኢን» ከሆነ ወር፣ ዓመት ወይም ከተማ፤ «አት» ከሆነ ሰዓት ወይም የተወሰነ ቦታ። ይህን ግራመር ሁላችንም ተምረነዋል። ፈተናው ላይ ግን ለመልስ መምረጫ ሳይሆን ለጆሮ ማንቂያ ነው የምንጠቀምበት።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ቪዚተርስ ሹድ ብሪንግ አን ____»

ጥያቄያችን፦ ጎብኚዎች ምን ይዘው ይምጡ? ዕቃ ነው። አሁን ጎረቤቱን እዩት። «ኤ» አይደለም፣ «አን» ነው። ስለዚህ ዕቃው በአናባቢ ድምፅ ይጀምራል። ምን ሊሆን ይችላል? «አምብሬላ»፣ «አይዲ ካርድ»፣ «ኤክስትራ» የሆነ ነገር። ጅማ ለምንኖር ሰዎች ዣንጥላ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ክረምት ሲገባ ያለ ዣንጥላ ከቤት የሚወጣ የለም።

ቅጂው ይጀምራል። ሴትየዋ መጀመሪያ «ዩ ማይት ዋንት ኤ ኮት» ትላለች። ያልተዘጋጀ ሰው «ኮት» ብሎ ይጽፍና ተደስቶ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። እናንተ ግን «አን ኮት» እንደማይባል ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ትጠብቃላችሁ። ቀጥላ «በት ኢት ሬይንስ ሞስት አፍተርኑንስ፣ ሶ ዩል ኒድ አን አምብሬላ» ትላለች። መልሱ መጣ። አንዲት ፊደል «ኤን» ከወጥመድ አወጣቻችሁ።

የ«ኤስ» ነገር

ይህ የእኛ ትልቁ ጉድጓድ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። አማርኛ ላይ ቁጥር ካለ ስሙን ብዙ ጊዜ አናበዛውም። «ሦስት ብርጭቆ»፣ «አምስት ልጅ»፣ «ሁለት ሻንጣ» እንላለን፣ ትክክልም ነው። ጆሯችን ብዛቱን ከቁጥሩ ስለሚያገኘው የስሙን መጨረሻ አያዳምጥም። እንግሊዝኛ ላይ ግን የመጨረሻዋ «ኤስ» ከሌለች መልሱ ስህተት ነው፣ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር የለም።

እኔ አንድ የልምምድ ፈተና ላይ «ስቱደንትስ መስት ዌር ____ ኢን ዘ ላብ» የሚል ነበረኝ። «ግላቭስ» ነበር የተባለው፣ በደንብ ሰምቼዋለሁ፣ የጻፍኩት ግን «ግላቭ»። ወረቀቱ ላይ «ኤ» የለም። ሊቆጠር የሚችል ዕቃ ያለ «ኤ» እና ያለ «ዘ» ብቻውን ከመጣ ብዙ ቁጥር መሆኑ ግድ ነው። ይህንን ቅጂው ከመጀመሩ በፊት ማወቅ እችል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱን ሳነብ ብዙ ቁጥር የሚፈልግ ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ዳር ላይ በእርሳስ ትንሽ «ኤስ» አደርጋለሁ። ከጆሮዬ በፊት እጄ እንዲያስታውሰኝ ነው። እናንተም አድርጉት፤ «ቱ»፣ «ሜኒ»፣ «ሰቨራል»፣ «ዲፈረንት» ካለ «ኤስ»። «ማች» ካለ ደግሞ የማይቆጠር ነገር ነውና «ኤስ» የለም።

ሰዓት፣ ቁጥር፣ ስም

ክፍል 1 ላይ እነዚህ ይበዛሉ፣ እኛ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አላቸው።

ሰዓት እንውሰድ። እኛ የምንቆጥረው ከማለዳ ጀምሮ ነው። አንድ ቢሮ ስንት ሰዓት ይከፈታል ስንባል ሳናስበው የሚመጣልን «2 ተኩል» ነው። ግምታችሁን እንዲህ ከያዛችሁ ጆሯችሁ «ቱ ሰርቲ» እየጠበቀ «ኤይት ሰርቲ» ያልፈዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሰዓት ባዶ ቦታ ስታዩ ስድስቱን ሰዓት አስተካክላችሁ ገምቱ። ጠዋት ከሆነ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር፤ በእንግሊዝኛው አፍ። አንድ የሚያግዘን ነገርም አለ፦ «ኳርተር ቱ ቴን» አነጋገሩ ከእኛው «ለአስር ሩብ ጉዳይ» ጋር አንድ ነው፣ የሚጻፈውም 9:45 ነው።

ቁጥር ላይ «ፎርቲን» እና «ፎርቲ»፣ «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» የታወቁ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ድምፁ መጨረሻ ላይ ይረዝማል፣ በሁለተኞቹ መጀመሪያው ላይ ይጠነክርና ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ጆሮ ብቻውን እንዲለይ አትተዉት። የተማሪ ዕድሜ ነው የሚጠየቀው ወይስ የወንበር ብዛት? የአንድ ቡና ዋጋ ነው ወይስ የአንድ ሌሊት አልጋ? ምክንያታዊው መጠን የቱ ነው ብሎ አስቀድሞ ማሰብ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ስልክ ቁጥር ከሆነ ዜሮን «ኦ» ይሉታል፣ ሁለት ሰባት ሲከታተል «ደብል ሰቨን» ይላሉ።

የሰው ወይም የመንገድ ስም ባዶ ከሆነ ተናጋሪው ፊደል በፊደል ሊጠራው እንደሚችል ጠብቁ። እዚህ ላይ የሚያጋጩን ፊደላት ጥቂት ናቸው፦ «ኤይ»፣ «ኢ» እና «አይ»፤ «ጂ» እና «ጄይ»። ከጓደኛችሁ ጋር ተቀመጡና ሃያ ስም ፊደል በፊደል ተጠራሩ፣ አንዱ ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ወረቀቱ በአንድ ቃል፣ ቅጂው በሌላ

ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቅጂው ውስጥ መፈለግ ነው። ወረቀቱ «ቺፕ» ካለ እሱም «ቺፕ» የሚለውን ይጠብቃል። ተናጋሪው ግን «ኢት ዳዝንት ኮስት ማች» ይላል። ሰውየው አሁንም እየጠበቀ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ በባዶው ዙሪያ ያለው ቃል ይቀየራል፣ ባዶው ውስጥ የሚገባው ቃል ግን ከቅጂው እንደተሰማው ይወሰዳል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ግምት ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ለመልሱ ነው፣ እስካሁን ያወራነው። ሁለተኛው ለዙሪያው። ከባዶው አጠገብ ያለውን ዋና ቃል ክበቡና «ይህን ሰውየው በሌላ አነጋገር ቢለው ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቻይልድረን» ከሆነ «ኪድስ» ወይም «አንደር ትዌልቭስ»። «ቢጊንስ» ከሆነ «ስታርትስ» ወይም «ኦፕንስ»። «ፕሮብለም» ከሆነ «ኢሹ» ወይም «ዲፊከልቲ»። ዙሪያውን ካወቃችሁት መልሱ እየቀረበ መሆኑ ይሰማችኋል፤ ባጃጁ ሳይታይ ድምፁ እንደሚሰማው።

የማይቀየሩ ቃላትም አሉ። የቦታ ስም፣ የሰው ስም፣ ዓመተ ምህረት፣ ሳይንሳዊ ስያሜ። እነዚህን ወረቀቱ ላይ ካገኛችሁ አስምሩባቸው። ቅጂው ውስጥ የት እንደደረሳችሁ የሚነግሯችሁ ምልክቶች እነሱ ናቸው።

አንድ ሌክቸር አብረን እንሥራ

ክፍል 4 ነው እንበል። ርዕሱ «ኮፊ አራቢካ»። ለእኛ ቡና ሰፈራችን ነው፣ ደስ ይለናል። ማስታወሻው እነዚህ ሦስት መስመሮች አሉት፦

«ኒድስ ____ ፍሮም ቶል ትሪስ»
«ፍላወርስ አፒር አፍተር ____»
«ፍሩት ኦፍ ዚስ ቫራይቲ ተርንስ ____»

ትእዛዟ አንድ ቃል ብቻ ትላለች። ቅጂው ሊጀምር ጥቂት ሰከንድ አላችሁ።

የመጀመሪያው። ቡናው ከረጃጅም ዛፎች ምን ይፈልጋል? ከ«ኒድስ» በኋላ ነው፣ ስም ነው፣ «ኤ» የለም። ጅማ ያደገ ሰው ቡና ጥላ እንደሚወድ ያውቃል። «ሼድ»። ምናልባት «ፕሮቴክሽን»። ሁለቱንም ያዙ።

ሁለተኛው። አበባው ከምን በኋላ ይወጣል? «ሬይን» ነው የመጀመሪያው ግምት፤ ቡና ከደረቁ ወቅት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ እንደሚያብብ እናውቃለን። ግን «ሬይንፎል» ወይም «ስቶርምስ»ም ሊሆን ይችላል፣ ከተሰማው ነው የምንጽፈው። «ሬይን» ብሎ ወስኖ መቀመጥ አያስፈልግም።

ሦስተኛው። ፍሬው ወደ ምን ይቀየራል? «ተርንስ» ከቀለም ጋር ይሄዳል። ቀለም ነው። ሁላችንም «ሬድ» እንላለን።

ቅጂው ይሄዳል። ሌክቸረሩ ስለ ትልልቆቹ ዛፎች ያነሳል፣ ቅጠላቸው ፀሐዩን ይከላከላል ይላል፣ «ዘ ሼድ ዜይ ፕሮቫይድ» ይላል። አንደኛው ተያዘ። ቀጥሎ ደረቅ ወራትን ያነሳል፣ ነጮቹ አበቦች ከ«ሬይንፎል» በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያሉ ይላል። «ሬይን» ያላችሁት ግምት ጆሯችሁን አነቃው፣ የተጻፈው ግን «ሬይንፎል» ነው። ከዚያ ወደ ፍሬው ይመጣል። «ሞስት ፒፕል ኢማጂን ኤ ሬድ ቼሪ» ይላል። እዚህ ጋ እርሳሳችሁን ያዝ አድርጉት! ከ«ሞስት ፒፕል» በኋላ ብዙ ጊዜ «በት» ይከተላል። «በት ዚስ ቫራይቲ ቢካምስ የሎው» ይላል። መልሱ «የሎው» ነው። ቢጫ ፍሬ ያለው የቡና ዓይነት በእውነትም አለ።

ጓደኞቼን ይህንኑ ሳሠራቸው ከገበሬ ቤተሰብ የመጡት ናቸው «ሬድ» ብለው ሳያዳምጡ የጻፉት። ቡናን ከማንም በላይ ስለሚያውቁት ጆሯቸውን አሳረፉት። ያለን እውቀት ለጆሮ ቦታ ያስይዛል፤ ማን እንደሚቀመጥበት የሚወስነው ግን ተናጋሪው ነው። ግምታችሁን ሁልጊዜ ላላ አድርጋችሁ ያዙ። ፈተና ላይ በጽሑፍም አታስፍሩት፣ በአእምሮ ይቀመጥ፤ ወረቀት ላይ ያረፈ ግምት መልስ መምሰል ይጀምራልና።

ቅጂው ሲሄድ

ዓይናችሁን አሁን ባላችሁበትና በቀጣዩ ባዶ ቦታ ላይ አድርጉ፤ ሁለት ብቻ። ጥያቄዎቹ በቅጂው ቅደም ተከተል ነው የሚመጡት። የሁለተኛው ዙሪያ ቃላት መሰማት ከጀመሩ የመጀመሪያው አልፏል ማለት ነው፤ ተዉትና ሂዱ። ይህ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ያመለጠ ነገር ልብን ይይዛል። ግን ያለፈው ቅጂ አይመለስም፣ ቀጣዩ ግን ገና በእጃችሁ ነው።

የማረሚያ ቃላት ላይ ንቁ ሁኑ፦ «አክቹዋሊ»፣ «ሶሪ»፣ «ኖ፣ ዌይት»፣ «ኢንስቴድ»፣ «ኢት ዩዝድ ቱ ቢ»። አንድ ሰው ክፍል ሲከራይ «ፎርቲ ፋይቭ ፓውንድስ» ይባልና ወዲያው «ሶሪ፣ ዛት ዎዝ ላስት ይርስ ፕራይስ፣ ኢትስ ፊፍቲ ናው» ይባላል። የመጀመሪያውን ዋጋ ስትሰሙ ቀለል አድርጋችሁ ጻፉት፣ ወሬው ወደ ሌላ ርዕስ እስኪዞር ግን አትመኑት።

ሌክቸር ላይ ደግሞ «ሙቪንግ ኦን»፣ «አናዘር»፣ «ፋይናሊ» የሚሉት መታጠፊያዎች ናቸው። ጠፍታችሁ ከነበረ እነሱ ጋ ተመልሳችሁ ትገናኛላችሁ።

ካለቀ በኋላ

ፈተናው የወረቀት ከሆነ መልሱን ወደ መልስ መስጫው ለመገልበጥ 10 ደቂቃ አለ። የኮምፒውተር ከሆነ ለማየት 2 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በኮምፒውተር የምትፈተኑ ስፔሊንጋችሁን እዚያው እየጻፋችሁ መጠንቀቅ አለባችሁ። የእንግሊዝም የአሜሪካም ስፔሊንግ ይያዛል። በትልልቅ ፊደል ብቻ መጻፍም ይቻላል፣ እኔ የእጅ ጽሑፌ ግልጽ እንዲሆን እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

መልሱን አስገብታችሁ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡት። ይነበባል ወይ? «ኤስ» ይጎድላል? የቃል ገደቡ ተጠብቋል? ያልሰማችሁት ካለ ባዶ አትተዉት። ቅጂው ከመጀመሩ በፊት ይዛችሁት የነበረውን ግምት አሁን ጻፉት። አይቀነስባችሁም፣ ግምቱም ከዜሮ የተነሳ አይደለም፤ ግራመሩንም ትርጉሙንም አስባችሁበታል።

ልምምዱ

የፈተናው ባለቤቶች ድረ ገጽ ላይ ነፃ ናሙናዎች አሉ። ቢቢሲም እንግሊዝኛ ለሚማሩ የሚያዘጋጃቸው የስድስት ደቂቃ ቅጂዎች ከነጽሑፋቸው ይገኛሉ። ኔትወርክ ደህና ሲሆን፣ መብራትም ሲኖር፣ ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጧቸው። መብራት ጠፋ ብሎ ልምምድ ማቋረጥ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ወረቀት አያስፈልግም። ቅጂውን ክፈቱና ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ አቁሙት። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሦስት አማራጭ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ልቀቁት። አንዱ ቃል በቃል ባይመጣም ዓይነቱ ከመጣ፣ ቦታ ብላችሁ ቦታ ከሆነ፣ ተሳክቶላችኋል። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። የሚከብዳችሁ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን በአማርኛ ሬዲዮ ጀምሩት። ዜና አንባቢው ተናግሮ ሳይጨርስ ስንቱን እንደምትጨርሱለት ስታዩ ችሎታው ያላችሁ መሆኑን ታምናላችሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጓደኛ ያስፈልጋል። እሱ የቅጂውን ጽሑፍ ይወስድና አስር ቃላት በእርሳስ ይሰርዝላችኋል፤ እናንተ ቅጂውን ሳትሰሙ ለእያንዳንዱ ጥያቄና ግምት ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ታዳምጣላችሁ። በሚቀጥለው ቀን እናንተ ትሰርዙለታላችሁ። የሚገርመው፣ የሚሰርዘው ሰው ከሚሞላው እኩል ይማራል፤ የትኛው ቃል ሊገመት እንደሚችል እያሰበ ነው የሚመርጠውና።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ፈተና በሰዓት ሥሩ፣ ሳታቆሙ፣ ሳትደግሙ። አንድ ደብተር ያዙና ለሳታችሁት ጥያቄ ሁሉ የገመታችሁትን፣ የተባለውን፣ የሳታችሁበትን ምክንያት ጻፉ። ምክንያቱን በአጭሩ፦ «ኤስ»፣ «የመጀመሪያውን ዋጋ ጻፍኩ»፣ «ሌላ አነጋገር አላወቅኩም»፣ «ስፔሊንግ»። አምስት ፈተና ከሠራችሁ በኋላ ደብተሩን ስታገላብጡት አንዱ ምክንያት ከሌሎቹ በላይ ተደጋግሞ ታገኙታላችሁ። የቀረውን ጊዜ እሱ ላይ አውሉት።

ለፈተናው አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነውና ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። የተመዘገባችሁበትን ፓስፖርት አትርሱ። አውቶቡሱ ላይ አዲስ ፈተና አትክፈቱ፤ ከዚህ በፊት የሠራችሁትን አንድ ቅጂ በሄድፎን አዳምጡ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ከእያንዳንዱ መልስ በፊት ጥያቄውን በልባችሁ እየጠየቃችሁ። ፈተናው ክፍል ስትገቡ ሄድፎኑን አስቀድማችሁ ሞክሩት፣ ድምፁ ካነሰ ቅጂው ሳይጀምር እጃችሁን አውጡና ተናገሩ። ከዚያ ወረቀቱ ሲከፈት መጀመሪያ ትእዛዟ ላይ ሂዱ።